መርፌ ለሚፈራ ልጅ፦ ጨዋታ ወይስ ትንፋሽ?

ጎንደር ውስጥ በነርስነት ስሠራ፣ የደም ሥር መርፌ ከማስገባቴ በፊት ሁለት መንገድ አለኝ። ሁለቱም የታዘዘውን ማስታገሻ አይተኩም፤ ያግዙታል እንጂ።

ለትንንሾቹ ጨዋታውን አስቀድማለሁ። አንድ የአዘዞ ልጅ እጁን ብብቱ ሥር ወሽቆ «እምቢ!» ሲለኝ፣ «ለጥምቀት ፋሲል መዋኛ ዘለህ ገብተህ ታውቃለህ?» አልኩት። ውኃው እንዴት እንደሚቀዘቅዝ፣ ወንድሙ እንዴት እንደገፈተረው በግራ እጁ እያሳየኝ ሳለ በቀኙ ላይ ፕላስተር እየለጠፍኩ ነበር። ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሲሄድ ሕመሙ ይቀንሳል። «ምንም አያምም» ብሎ መዋሸት ግን አመኔታውን ያጠፋዋል፤ እባካችሁ እናቶችም ተዉት።

ጎረምሶች በጨዋታ አይታለሉም፤ ለእነሱ ትንፋሽ ይሻላል። በአፍንጫ ቀስ ብሎ መሳብ፣ በአፍ ረዘም አድርጎ ማውጣት። ትንፋሹ ሲወጣ የልብ ምት ይረግባል። የ16 ዓመት ልጅ ሌሊት ብቻዋን ስትጨነቅም ትጠቀምበታለች፤ ጨዋታው ግን ያለ እኔ አይሆንም። ትንፋሹን አስቀድሞ ማለማመድ ያሻል፤ መርፌው ከታየ በኋላ ማን ይሰማል?

ደም ሲያይ ራሱን ስቶ ለሚወድቅ ልጅ ደግሞ ሰውነትን ማፍታታት አይበጅም። አስተኝቼ የእግሩንና የሆዱን ጡንቻ እንዲያጠብቅ አደርገዋለሁ፤ የደም ግፊቱ እንዳይወርድ።