ሳይት መውጣት ወይስ በስልክ መቆጣጠር?

መጋቢት 4 ቀን 2012 የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አዲስ አበባ ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። የ20/80 እና የ40/60 ኮንዶሚኒየም ቤቶችን ግንባታ ለሚቆጣጠር መሐንዲስ ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበር። ማስክ አድርጎ ሳይት፣ ማለትም ግንባታው ቦታ፣ መውጣት፣ ወይም ቤቱ ተቀምጦ ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም መቀበል።

የስልኩ ጥቅም ግልጽ ነው። ታክሲ ውስጥ መጋፋት የለም። ስንት ፎቅ ደረሰ፣ ብሎኬቱ ተደረደረ ወይ ለሚለው ጥያቄ በቂ ነው። ስብሰባውማ በስልክ ቢያልቅ ማንም አይናፍቀውም።

ችግሩ ሶሌታ፣ ማለትም የፎቁ የአርማታ ወለል፣ ሊሞላ ሲል ነው። አርማታው ውስጥ የሚገባው ብረት፣ ፌሮው፣ ባለ 12 ይሁን ባለ 14 ሚሊ ሜትር በፎቶ አይለይም። ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን የሚይዘው ስታፋ በስንት ሳንቲ ሜትር ርቀት እንደታሰረ ለማወቅ ሜትር ዘርግቶ መለካት ነው። ፎቶ አንሺው ደግሞ ብዙ ጊዜ የኮንትራክተሩ ፎርማን ነው፤ ያማረውን ጥግ መርጦ ይልካል። አርማታው አንዴ ከፈሰሰ ውስጡን ማን ያየዋል? የአርማታው ናሙና ጥንካሬ የሚለካበት የ28 ቀኑ የኩብ ምርመራ ቢወድቅ እንኳ እስከዚያ ሌላ ፎቅ ተነስቶበታል። ገንዘቡ ደግሞ የሕዝብና የቆጣቢው ነው።

ሳይት መውጣትም ጣጣ አለው። ባሬላ ለሁለት ለሚሸከሙ የቀን ሠራተኞች «ርቀታችሁን ጠብቁ» ማለት ቀልድ ነው። በር ላይ የውሃ በርሜልና ሳሙና ማስቀመጥ ግን ይቻላል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ፌሮ ሲታሰርና አርማታ ሲሞላ በአካል፣ ለልስንና ለቀለም በፎቶ። ኮንትራክተሩ ለሠራው ሥራ ይከፈለው የሚለውን የክፍያ ሰርተፍኬት ግን ፎቶ ብቻ አይቼ አልፈርምም።