ከሦስት ኦንላይን ኮርስ የጨረስኩት በጣም የከበደኝን ነው

ሦስት ኦንላይን ኮርስ ጀመርኩ፣ ሁለቱን አቋረጥኩ። የጨረስኩት ሲኤስ50 የሚባለውን የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ኮርስ ነው፣ ያውም ከሦስቱ በጣም የከበደኝን። ለመመዝገብ ያሰበ ሰው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያቋረጥኩትን። የዳታ ትንተና ኮርስ ነበር። ቪዲዮዎቹ አጫጭር ናቸው፣ አምስት ስድስት ደቂቃ። አስተማሪዋ ጥርት አድርጋ ታስረዳለች፣ መጨረሻ ላይ አራት ምርጫ ያለው ጥያቄ ይመጣል። ከተሳሳትኩ ሌላውን እነካለሁ፣ እሱም ካልሆነ ሦስተኛውን፣ በቃ አለፍኩ። ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄድኩ። ከዚያ አንድ ማታ ባዶ ፋይል ከፍቼ የተማርኩትን በራሴ ልሞክር ስል የመጀመሪያውን መስመር እንኳ እንዴት እንደምጽፍ ጠፋኝ። በጣም ነው ያዘንኩት። ያን ሁሉ ሰዓት ሳይ የገባኝ ይመስለኝ ነበር፣ ግን የገባው ለአስተማሪዋ ነው።

ሁለተኛው የጽሑፍ ኮርስ ነው፣ ተማሪ ለተማሪ የሚተራረምበት። በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው ሲመዘገብ አስተማሪው ሁሉንም ማረም አይችልም፣ ይሄ ይገባኛል። ግን ሦስት ማታ የደከምኩበትን ጽሑፍ አንዱ «ጥሩ ነው» ብሎ ሙሉ ነጥብ ሰጠኝ፣ ሌላው አንድ ቃል ሳይጽፍ ዜሮ። የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደተበላሸ የነገረኝ የለም። የሌሎቹን ሳርም ግን ብዙ ተምሬበታለሁ፣ ይሄን መካድ አልፈልግም።

ማቋረጥ የእኔ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የሰርኪዩትና ኤሌክትሮኒክስ ኮርሱን ኦንላይን በነፃ ሲከፍት 155 ሺህ ገደማ ሰው ተመዝግቦ ያለፈው 7 ሺህ ገደማ ነው። በኤምአይቲና በሃርቫርድ ኮርሶች ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ጥናት ደግሞ ከተመዘገበው ሰው ግማሽ ያህሉ ጭራሽ ትምህርቱን እንደማይጀምር ያሳያል። ስለዚህ ያቋረጠ ሰው ሰነፍ ነው ሲባል አይዋጥልኝም። ብዙዎቹ ኮርሶች ተማሪውን ተመልካች አድርገው ነው የተሠሩት።

ሲኤስ50 ላይ መመልከት ብቻ አያሻግርም። በእርግጥ የአስተማሪው የዴቪድ ማላን ሌክቸር ራሱ ያስደስታል። መድረክ ላይ ወፍራም የስልክ ማውጫ ይዞ ስም ይፈልጋል፣ መሃሉን ይከፍትና የማያስፈልገውን ግማሽ ቀዶ ይጥላል፣ የቀረውንም እንደዚያው። ለምን በጥቂት ቀደዳ ብቻ ስሙ ጋ እንደሚደርስ አንዴ ካያችሁ አትረሱትም። ትምህርቱ ያለው ግን አሳይመንቱ ላይ ነው።

የማሪዮ ፒራሚድ የሚባለውን አሳይመንት ልንገራችሁ። ሲ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ፣ በሃሽ ምልክት (#)፣ ወደ ቀኝ የተጠጋ ደረጃ መሥራት ነው። የእኔ በተደጋጋሚ ወደ ግራ እየተጠጋ አስቸገረኝ። ሁለት ማታ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ካሬ ወረቀት አውጥቼ በእርሳስ ሳልኩት፦ ከፍታው 8 ከሆነ የመጀመሪያው ረድፍ 7 ባዶ ቦታና 1 ሃሽ፣ ሁለተኛው 6 ባዶ ቦታና 2 ሃሽ። ለካ እኔ ሃሹን ብቻ ነበር የምቆጥረው፣ ባዶ ቦታውም መጻፍ እንዳለበት አልታየኝም! ቼክ50 የሚባል መፈተሻ አለው፣ ኮዱን ይፈትንና ያለፈውን በአረንጓዴ ፈገግታ፣ የወደቀውን በቀይ ኩርፊያ ያሳያል፣ ምን ጠብቆ ምን እንዳገኘም ይነግራል። ከዜሮና ከ«ጥሩ ነው» ጋር አወዳድሩት።

ጉድለት የለውም አልልም። ሌክቸሩ ሁለት ሰዓት ገደማ ይሄዳል፣ ለደከመው ሰው ረጅም ነው። ከስክራች (ብሎክ እየገጣጠሙ ፕሮግራም ከሚሠሩበት ቋንቋ) ወደ ሲ የሚዘለው ዝላይ ድንገተኛ ነው፣ ስለ ኮምፒውተር ሜሞሪ የሚያወራው ሳምንት ደግሞ ሊያስለቅሰኝ ደርሶ ነበር። ያን ሳምንት ያለፍኩት ብቻዬን አይደለም፣ አብራኝ የተመዘገበች ጓደኛዬ ሐሙስ ሐሙስ ማታ ትደውልና የቱ ጋ እንደደረስኩ ትጠይቀኝ ነበር። እሷ ባትኖር የማቋርጠው እዚያው ነበር። የምትችሉ ከሆነ ሰው ይዛችሁ ግቡ።

ሰርተፊኬቱን በተመለከተ፣ ሲኤስ50 ራሱ የሚሰጠው በነፃ ነው፣ ኤዴክስ በሚባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ በኩል የተረጋገጠውን ለሚፈልግ ግን ይከፈልበታል። እኔ የነፃው በቂዬ ነው።

ያቋረጥኩትን የዳታ ኮርስ ሰሞኑን እንደገና ከፍቼዋለሁ። አሁን ከቪዲዮው ጎን ባዶ ፋይል እከፍታለሁ፣ አስተማሪዋ አንድ ነገር ባሳየች ቁጥር አቆማትና ሳላይ ራሴ እጽፈዋለሁ። የስድስት ደቂቃዋ ቪዲዮ አርባ ደቂቃ ትወስድብኛለች።