ጎንደር ላይ ትኬት ለምትቆርጡ፦ 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር ሳታዩ ከወኪሉ ቢሮ አትውጡ

ስለ ሆቴሉና ስለ መኪናው ብዙ የምለው የለኝም፤ ደህና ነበሩ። ፒያሳ አጠገብ ያለው ሆቴል መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተሩን ቶሎ ያስነሳል፣ የጠዋቱ ፍርፍርም ውጭ አገር በእንጀራ ስም ከሚሸጥልን ጋር አይወዳደርም። በኮንትራት የያዝኩት ሾፌር አዘዞ ኤርፖርት በሰዓቱ ተገኝቷል፣ የተስማማንበትን ዋጋም መሃል መንገድ ላይ አልለወጠም። ያንገበገበኝ የትኬቱ ነገር ነው። ሥራዬ ከቡኪንግ (የበረራ ቦታ መያዝ) ቁጥጥር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይበልጥ አንገበገበኝ፣ ምክንያቱም የተበላሸው ነገር በሙሉ በአምስት ደቂቃ ማጣሪያ ይያዝ የነበረ ነው።

የወኪሉን ስም አልጠራም። ለእናቴ ከጎንደር በአዲስ አበባ አድርጎ ወደ ውጭ የሚሄድ ጉዞ ሸጠልን፣ ገንዘቡን ሙሉ ተቀበለ፣ «ኮንፈርምድ» የሚል ወረቀት አትሞ ሰጠ። ትኬቱ ግን አልተቆረጠም ነበር። ትኬቱ መቆረጥ የነበረበት ቀነ ገደብ አለፈ፣ ቦታው ተሰረዘ። ይዘነው የነበረው ርካሽ ክላስ (የዋጋ ደረጃ) ሞልቶ ስለነበር ከፍ ባለ ክላስ እንደገና ተያዘና ልዩነቱን ክፈሉ ተባልን። «ሲስተሙ ነው የሰረዘው፣ እኛ ምን እናድርግ» ነበር መልሱ። ሲስተሙ መሰረዙ እውነት ነው። ግን ሲስተሙ እንደሚሰርዝ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፎ አስቀድሞ ነግሯቸዋል፤ ያላዩት እነሱ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወኪሉ መጀመሪያ የሚከፍተው ቡኪንግ ነው፤ ስድስት ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ኮድ ይሰጣል። በረራው አጠገብ ኤችኬ (HK) የሚል ምልክት ካለ ቦታው ተይዟል ማለት ነው፤ ተከፍሎበታል ማለት ግን አይደለም። ትኬት የሚባለው 13 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አሃዞች የአየር መንገዱ መለያ ናቸው፦ የኢትዮጵያ 071፣ የሉፍታንዛ 220፣ የተርኪሽ 235፣ የኤምሬትስ 176፣ የኳታር 157። ከ2008 እ.ኤ.አ. ሰኔ ወዲህ ትኬት በኤሌክትሮኒክ ብቻ ስለሆነ የድሮው ቀይ ካርቦን ያለው ደብተር የለም፤ ወረቀቱ ምንም ያህል ቢያምር ያ ቁጥር ከሌለበት በእጃችሁ ያለው የጉዞ ዕቅድ ነው። ዋጋውም ቢሆን የሚጸናው ትኬቱ ሲቆረጥ ነው። ቡኪንጉ መቀመጫን እንጂ ዋጋን አይዝም።

ቀነ ገደቡ ደግሞ አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንዱን አየር መንገዱ ራሱ ወደ ቡኪንጉ ይልከዋል፤ «እስከዚህ ቀን፣ እስከዚህ ሰዓት ትኬት ቁጥር ካልገባ እሰርዛለሁ» የሚል መልእክት ነው። ሌላው በዋጋው ደንብ ውስጥ ተቀብሮ ይቀመጣል፤ ለምሳሌ ቦታው ከተያዘ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ወይም ከበረራው ይህን ያህል ቀን በፊት ይቆረጥ ይላል። የሚሠራው ቀድሞ የሚደርሰው ነው። ወኪሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያዩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ሁለተኛውን ለማየት የዋጋውን ደንብ ከፍቶ ማንበብ ይጠይቃል፣ ማን ያነባል!

አየር መንገዶች ይህን በሰው አይከታተሉም፣ ሮቦት የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም አላቸው። ሮቦቱ ያልተቆረጠላቸውን ቡኪንጎች ሲያበጥር ያድራል። የትኬት ቁጥር አለ ወይ? ካለ ቁጥሩ የተቆረጡ ትኬቶች በሚመዘገቡበት ቋት ውስጥ በእውነት ይገኛል ወይ? ስሙና በረራው ይገጥማሉ ወይ? አንዳንድ ወኪል ጊዜ ለማግኘት የፈጠራ ቁጥር ያስገባል፣ ወይም ትኬቱ እንደተቆረጠ አድርጎ ምልክቱን «ኦኬ» ይለዋል። ሮቦቱ ከቋቱ ጋር ስለሚያመሳክር አይታለልም። ያኔ የቦታው መሰረዝ ብቻ አይደለም፣ ለወኪሉ የቅጣት ደብዳቤ ይላካል፤ በሥራው ቋንቋ ኤዲኤም ይባላል።

ሮቦቱ ለምን እንዲህ ይጨክናል ለምትሉ፦ አየር መንገዱ ወኪሎች ቦታ በሚይዙበት የኮምፒውተር ሲስተም ለሚያዝ ለእያንዳንዱ በረራ ለሲስተሙ ባለቤት ይከፍላል። የማይቆረጥ ቡኪንግ ሁለት ጊዜ ያስከፍለዋል፤ አንዴ ለሲስተሙ፣ አንዴ ሳይሸጥ ባዶውን ለሚበር ወንበር። ለጥምቀት ሰሞን ጎንደር የሚገባ አውሮፕላን ላይ ሰው ቦታ ሲያጣ፣ ያ ወንበር ባልተከፈለበት ስም ተይዞ መክረሙ ግፍ ነው። በዚህ በኩል ከሮቦቱ ጋር ነኝ።

ወኪሉ ቢሮ ውስጥ ገደቡ የሚስትበትን ቦታ ደግሞ ልንገራችሁ። በማያው ላይ የሚወጣው በፈረንጅ ቀንና በ24 ሰዓት አቆጣጠር ነው። «10 ጃንዋሪ፣ 12:00» የሚለውን የቢሮው ሠራተኛ ልጅ በግድግዳው ካላንደር ላይ «ጥር 10፣ 12 ሰዓት» ብላ ካሰፈረችው አለቀ። ጃንዋሪ 10 በአብዛኛው ዓመት ጥር 2 ነው፣ 12:00 ደግሞ ከቀኑ 6 ሰዓት። ስምንት ቀን ከስድስት ሰዓት ተሳስታለች። ቀኑን በትክክል ቀይራ ሰዓቱን ብቻ ብትስት እንኳ፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ልትቆርጥ ስትቀመጥ ቦታው ከተሰረዘ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። መልእክቱ በግሪንዊች ሰዓት ከመጣ ደግሞ ሦስት ሰዓት ይጨመርበታል፤ 21:00 የሚለው እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እኔ ባየሁት ቢሮ የገደቡ መዝገብ የባንክ ካላንደር ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ነበር፤ ስልክ ቁጥርም፣ የዕቁብ ተራም እዚያው ላይ።

ሁለተኛው ምክንያት ሰንሰለቱ ነው። ራሱ ትኬት የማውጣት ፈቃድ የሌለው ቢሮ ቦታውን ይይዝና አዲስ አበባ ያለ ፈቃድ ያለው ወኪል እንዲቆርጥለት ይልካል። ገንዘቡ ጎንደር ገብቷል፣ ፋይሉ አዲስ አበባ ወረፋ ላይ ነው፣ ገደቡ ለማንም አይጠብቅም። ኔትወርክ የተቋረጠ ቀንማ አይጣል ነው፤ ሮቦቱ የሚሠራው ሌላ አገር ባለ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ የጎንደር መስመር ቢቋረጥም ባይቋረጥም ሰዓቱ ሲደርስ ይሰርዛል።

ትኬቱ ተቆርጦም ቢሆን ሮቦቱ የሚሰርዝበት ጊዜ አለ፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ትኬቱ በሌላ ሲስተም ወጥቶ ቁጥሩ ወደ ቡኪንጉ ካልገባ፣ ለሮቦቱ እንዳልተቆረጠ ነው። በረራው ሰዓት ተቀይሮ ወኪሉ አዲሱን ሰዓት ተቀብሎ ትኬቱን ካላደሰው፣ ትኬቱ ላይ ያለው በረራና ቡኪንጉ ላይ ያለው አይገጥሙም። ጡት የሚጠባ ሕፃን ወንበር ባይዝም ውጭ አገር በረራ ላይ የራሱ ትኬት ይቆረጥለታል፤ ይህ ከተረሳ ኤርፖርት ላይ ነው ጉዱ የሚታየው።

ከገደቡ ሌላ ሮቦቱ የቡኪንጉን ጥራት ያያል፣ እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኛው የቤተሰብ ነው። አሜሪካ ያለው ወንድም በኢንተርኔት ቦታ ይይዛል፣ ጎንደር ያለችው እህት በወኪል ትይዛለች፣ «ለማንኛውም ይያዝ» ተብሎ። ለአንድ ሰው በአንድ በረራ ሁለት ቦታ ሆነ። ሮቦቱ ድርብ ያለውን ያወጣዋል፣ የቱን እንደሚያወጣ ደግሞ እናንተ አትመርጡም። በተመሳሳይ ሰዓት ከሁለት ከተማ የሚነሳ ሰው፣ ከአንዱ አውሮፕላን ወርዶ ሌላው ላይ ለመድረስ የተወሰነው ዝቅተኛ ጊዜ ያልሞላ ኮኔክሽን፣ ገደቡ ሲደርስ እየተሰረዘ በዚያው ሰዓት እንደገና የሚያዝ ቦታ፣ ሁሉም ይለቀማሉ። የመጨረሻው «አንድ ቀን ላስረዝምላችሁ» ብለው ውለታ አስመስለው የሚያደርጉት ነው፤ ቅጣት ያለው ነገር ነው።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። የእኛ ስም የራስ፣ የአባት፣ የአያት ሆኖ ሳለ ሲስተሙ የቤተሰብ ስምና የራስ ስም ብቻ ነው የሚያውቀው። የሚገለበጠው ከፓስፖርቱ ፎቶ ገጽ ግርጌ ካሉት ሁለት ረጃጅም መስመሮች የላይኛው ላይ ነው፤ ከአገሩ ኮድ ቀጥሎ የቤተሰብ ስም ይመጣል፣ ከዚያ ሁለት የቀስት ምልክቶች፣ ከዚያ የራስ ስም። «ወልደ» እና «ገብረ» ያለባቸው ስሞች አንድ ላይ ይሁኑ ተለያይተው ፓስፖርቱ እንዳደረገው አድርጉ። በቃል አትንገሩ፣ በቴሌግራም ፎቶውን ላኩና ወረቀቱ ሲወጣ ፊደል በፊደል አስተያዩ። ወደ አሜሪካ የሚገባ መንገደኛ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀንና ጾታ ከበረራው 72 ሰዓት በፊት መግባት አለበት።

አሁን ለወኪሎቹ። እኔ በምኖርበት አገር ሁለት ሠራተኛ ያለው ቢሮ እንኳ የራሱን ማጣሪያ ያሠራል፤ ከአየር መንገዱ ሮቦት መቅደም ነው ቁም ነገሩ። በየጠዋቱ ኤችኬ ያላቸውና የትኬት ቁጥር የሌላቸውን ቡኪንጎች በሙሉ አውጣ። ለእያንዳንዱ ሁለቱን ገደቦች ጻፍ፣ ቀዳሚውን ያዝ፣ ወደ ኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ቀይር። ገደቡ 24 ሰዓት ሲቀረው ለሠራተኛውም ለደንበኛውም በአማርኛ መልእክት ይሂድ፤ ስድስት ሰዓት ሲቀረው ለኃላፊው፤ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ወይ ይቆረጥ ወይ ቢሮው ራሱ ይሰርዘው። ገደቡ ሳይደርስ ራስ መሰረዝ አብዛኛውን ጊዜ ቅጣት አያመጣም። ሲስተሙም ያግዛል፤ አማዴዎስ በሚባለው የወኪሎች ሲስተም ላይ የትኬት ቀን የደረሰባቸው ቡኪንጎች ኪው (የወረፋ ዝርዝር) 8 ላይ፣ የሰዓት ለውጥ ያለባቸው ኪው 7 ላይ ይሰለፋሉ። ጠዋት ሁለቱን ኪዎች ሳያጸዱ ቡና አለመጠጣት ነው። ለማስታወሻው ኤክሴልና አንድ የቴሌግራም ቦት ይበቃል፣ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም። የደንበኛው የራሱ ስልክና ኢሜይል ቡኪንጉ ውስጥ ይግባ፤ የቢሮው ስልክ ብቻ ከገባ የአየር መንገዱ የለውጥ መልእክት ለመንገደኛው አይደርስም። የእናቴ ቡኪንግ ላይ የነበረውም የቢሮው ስልክ ብቻ ነው።

ለመንገደኛ ደግሞ፦ ገንዘቡን በቴሌብርም ሆነ በባንክ ስትከፍሉ እዚያው ተቀምጣችሁ ቁጥሩ እስኪወጣ ጠብቁ። «ነገ ይወጣል» ካሏችሁ ገደቡን በኢትዮጵያ ቀንና ሰዓት ደረሰኙ ላይ ያስፍሩና ይፈርሙ። እኛ ልዩነቱን ያስመለስነው ደረሰኙ ላይ የተከፈለበት ቀን ከገደቡ በፊት መሆኑ ስለታየ ነው፣ እሱም ከብዙ ምልልስ በኋላ፣ ያውም ሙሉው አይደለም። ከዚያ በስልካችሁ አየር መንገዱ ድረ ገጽ ገብታችሁ ስድስት ፊደልና ቁጥር ባለው የቡኪንግ ኮድና በቤተሰብ ስም ክፈቱት፤ 13ቱ አሃዝ እዚያ ካልታየ ተመለሱ። ለጉዳዩ መፍትሔ የሰጡን የአየር መንገዱ ትኬት ቢሮ ሠራተኞች ናቸው፤ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ልጆቹ ግን ሥራቸውን ያውቃሉ፣ እናቴንም «እማማ» እያሉ አስቀምጠው ነው ያስተናገዷት።

አንድ የቀረ ነገር፣ በተለይ ከውጭ ለምትመጡ። ትኬታችሁ እስከ ጎንደር ድረስ በአንድ ቡኪንግ ከሆነና አዲስ አበባ ላይ ዘመድ «በመኪና እንሂድ» ብሎ ካስቀራችሁ፣ ያልተሳፈራችሁበት በረራ ቀሪውን ጉዞ ይዞት ይሄዳል፤ የመመለሻው ጎንደር–አዲስ አበባም፣ ወደ ውጭ የሚወስዳችሁም አብረው ይሰረዛሉ። በመኪና ለመሄድ ከወሰናችሁ አውሮፕላኑ ከመነሳቱ በፊት አየር መንገዱ ጋ ደውላችሁ ያን በረራ ብቻ አስወጡና ትኬቱ እንደገና እንዲታደስ አድርጉ። የዋጋ ልዩነት ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፤ አዘዞ ቆማችሁ በዕለቱ ዋጋ አዲስ የመመለሻ ትኬት ከመግዛት ግን ይረክሳል።