አንኪ፦ ሊረሱት ሲቃረቡ የሚጠይቅ የጥናት መተግበሪያ
እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው አንኪ፣ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ በ1885 ባሳተመው ጥናቱ ያሳየውን የመርሳት ሂደት ለመቋቋም፣ ተማሪው ያጠናውን ሊረሳ ሲቃረብ መልሶ የሚጠይቅ የጥያቄና መልስ ካርዶች መተግበሪያ ነው። «ሚቶኮንድሪያ በሕዋስ ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚል ካርድ ይወጣል፤ መልሱን አስታውሰው ካረጋገጡ በኋላ «ከባድ» ያሉት ቶሎ፣ «ቀላል» ያሉት ዘግይቶ ይመለሳል። ማስታወሻን ደጋግሞ ማንበብ የሚፈጥረው «አውቄዋለሁ» የሚል ስሜት ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ የገባኝ፣ በቃሌ የያዝኩት የመሰለኝ ትርጉም ካርዱ ፊት ሲጠፋብኝ ነው። ሌሎች ያዘጋጁትን ከመውሰድ ይልቅ የራስን ካርድ መጻፍ ቢያደክምም፣ ጥያቄውን መቅረጽ ራሱ ጥናት ስለሆነ አጥብቄ እመክረዋለሁ። ያልገባንን ነገር ግን ካርድ አያስረዳም፤ አስቀድሞ መጽሐፉን አንብቦ መረዳት ያሻል። በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ስልክ በነጻ ይገኛል።