የላስ ቬጋስ ካዚኖ ሆቴሎች፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚሄድ እንግዳ

ክፍሎቹ ሰፊና ንጹህ ናቸው፤ ሂሳቡ ግን ተንኮል አለው። የአልጋውን ዋጋ ብቻ አይተው አይወስኑ፤ በየሌሊቱ «ሪዞርት ፊ» የሚሉት ክፍያ ከነታክሱ ይጨመራል። ዋይፋዩንና ጂሙን ባይነኩትም አይቀርልዎትም። ሲገቡ ካርድዎ ላይ መያዣ ይቆረጣል፤ ከወጡ በኋላ እስኪለቀቅ ቀናት ሊፈጅ ስለሚችል የጉዞውን ገንዘብ ሁሉ አንድ ካርድ ላይ አያድርጉ። ክፍል የሚሰጠው አብዛኛውን ጊዜ በነሱ 3 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ነው።

ሚኒባሩን፣ ማለትም ክፍሉ ውስጥ የሚሸጥ መጠጥ ያለበትን ትንሽ ፍሪጅ፣ አይንኩ። ብዙዎቹ ከስር ሴንሰር አላቸው፤ የራስዎን ውሃ ለማቀዝቀዝ ብለው ጠርሙሱን ቢያነሱ እንኳ ሊቆጠርብዎ ይችላል።

ለመጫወት 21 ዓመት መሙላት ግድ ነው፤ ፓስፖርት ይያዙ። ሩሌት (ኳሷ በሚሽከረከር ጎማ ላይ የምትወድቅበት ጨዋታ) ላይ መጀመሪያ አረንጓዴዎቹን የዜሮ ቦታዎች ይቁጠሩ፦ አንድ ዜሮ ከሆነ ካዚኖው ከ100 ዶላር ውርርድ በአማካይ 2.70 ያስቀራል፣ ሁለት ከሆነ 5.26፣ ሦስት ከሆነ 7.69። ብላክጃክ በሚባለው የካርታ ጨዋታ ደግሞ የጠረጴዛው ጨርቅ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ። «3 ለ 2» ከሆነ 10 ዶላር አስይዘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ካርታዎች 21 ቢሞላልዎ (ይኸው ነው ብላክጃክ) 15 ያገኛሉ፤ «6 ለ 5» ከሆነ 12 ብቻ። ሁለተኛውን ይለፉት።

የጦሳን ብርድ ለለመደ ሰው ሐምሌ አይመከርም፤ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ፊት ለፊት የሚታየው ሆቴልም በእግር ግማሽ ሰዓት ሊያስኬድ ይችላል። እንጀራ ያማረው ከዋናው ጎዳና ወጣ ይበል፤ የሐበሻ ምግብ ቤት ሞልቷል፣ በያይነቱም አይጠፋም።