ቡችላ ከደላላ ካርቶን ወይስ ከእናቱ ጎን? ጅማ ላይ ለምትገዙ

ጅማ ላይ ቡችላ የሚገዙ ሰዎች ሲያማክሩኝ ሁለት መንገድ አወዳድራለሁ። አንዱ ደላላ በቴሌግራም ፎቶ ልኮ፣ መንገድ ዳር በካርቶን የሚያስረክባችሁ ነው። ሌላው ውሻዋን ግቢው አሳድጎ፣ ስትወልድ አብሯት አድሮ፣ ቤቱ ጠርቶ የሚያሳያችሁ ሰው ነው። ሁለቱንም አይቻለሁ።

የደላላው ርካሽ ነበር፣ ያኔውኑ ተረከብኩ። ሁለት ወር ሞልቶታል አለኝ። ቤት ሳደርሰው ግን ከሳህን መላስ እንኳ አያውቅም። በአምስተኛው ቀን ማስመለስ ጀመረ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ተከተለ፣ በሰባተኛው ቀን ሞተ። ሐኪሙ ፓርቮ ነው አለኝ። ይህ ቫይረስ አፈር ውስጥ ለወራት ስለሚቆይ፣ ወለሉን በበረኪና ባጥበውም ሌላ ቡችላ ለማምጣት አንድ ዓመት ጠበቅኩ። ልጄ ያለቀሰችው አሁንም አይረሳኝም።

ሁለተኛውን ያገኘሁት እዚያው ጅማ፣ ጅሬን ሰፈር በኩል ነው። እዚህ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ውሻ የምታረግዘው 63 ቀን ገደማ ነው፣ ከዚያ ቡችላው ቢያንስ 8 ሳምንት ከእናቱ ጋር መቆየት አለበት፤ ስለዚህ አራት ወር ጠበቅኩ። ዋጋውም ከደላላው እጥፍ በላይ ነው። ግን የተከፈለበትን አየሁት። ቡችሎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ አይችሉም፣ የጅማ ክረምት ደግሞ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ሰውዬው ሙቅ ውኃ የሞላ ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ እየቀያየረ ያድር ነበር። በየቀኑ አንድ በአንድ በትንሽ የቡና ሚዛን ይመዝናቸዋል፣ ክብደት ያልጨመረውን ለይቶ ያጠባዋል። የትላትል መድኃኒት ከሁለት ሳምንታቸው ጀምሮ ሰጥቷል። ሙቀጫ ሲወቀጥና ባጃጅ ሲያልፍ እየሰሙ ስላደጉ የኔው ቤት ሲገባ አልደነገጠም። እናቲቱንም ሁለት ዓመት ሳይሞላት አላዳቀላትም።

ትልቁ ልዩነት ግን ጥያቄው ነው። ደላላው የጠየቀኝ ገንዘቡን ብቻ ነበር። ይሄኛው ግቢህ አጥር አለው ወይ፣ ቀን ቤት ማን ይውላል፣ ልታስረው ነው ወይ ብሎ አፋጠጠኝ። ከኔ በፊት የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ በር ላይ በሰንሰለት ላስረው ነው ስላለ ብሩን መልሶለታል። ካልሆነልህ ለሌላ እንዳትሰጠው፣ ለኔ መልሰው አለኝ።

ቤት የሚያራባ ሁሉ ግን ጥሩ ነው ማለቴ አይደለም። በዓመት ሁለቴ የሚያስወልዱም አሉ። እናቲቱን እዩ፤ ጎድኗ የወጣ ከሆነ ተመለሱ። የቡችላው ሆድ ብቻ ከተነፋ ትላትል ሊሆን ይችላል። የክትባት ካርዱ ላይ ቀኑን አንብቡ፤ የመጀመሪያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይሰጣል፣ እስከ 16 ሳምንት ድረስ ይደጋገማል፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ደግሞ ሦስት ወር ሲሞላው ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምርባት ከተማ ናት፣ ሐኪም አናገኝም አይባልም።

የሰፈር ውሻ ወልዳ በነፃ የሚሰጣችሁ ካለም ውሰዱ፣ 8 ሳምንቱን ጠብቃችሁና አስከትባችሁ።

እጃችሁ ላይ ያለው ብር ለደላላው ብቻ የሚበቃ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ሦስት ወር አጠራቅማለሁ። የጅሬኑ ሰውዬ ሦስተኛው ክትባት በደረሰ ቀን ጠዋት ደወለልኝ፤ እኔ ረስቼው ነበር።