ሐዋሳ ላላችሁ፦ አባባን ቤት ድረስ መጥታ ያየችልን ሲስተር

ይህን የምጽፈው ሐዋሳ ውስጥ ቤቱ ታማሚ ወይም አዛውንት ላለው ሰው ነው። ቤት ለቤት እየዞረች የምትሠራ አንዲት ነርስ አለች። ከእግዚአብሔር ቀጥሎ አባቴን ያተረፈችልን እሷ ናት። ስሜ በአደባባይ አይጻፍ ስላለችኝ ሲስተር እያልኩ እቀጥላለሁ።

አባባ ሰባን አልፈዋል፣ የደም ግፊትም አለባቸው። ያን ሰሞን እህል አልበላ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ያንቀላፋሉ። ትኩሳት የለም፣ ሳሉም እምብዛም ነው። ጎረቤቱ ሁሉ አንዱ ብርድ ነው ይላል፣ ሌላው እርጅና ነው ይላል። አንዲት ዘመዳችን ግሉኮስ ቢደረግላቸው ይነቃሉ አለች። ሲስተር የተጠራችውም ለዚሁ ነበር።

ግሉኮሱን አልሰቀለችም። «መጀመሪያ ምን እንደሆኑ እንወቅ» አለችና እጇን ታጥባ አጠገባቸው ተቀመጠች። አንድም መሣሪያ ከቦርሳዋ ሳታወጣ ዝም ብላ አየቻቸው። ከንፈራቸውን፣ ጥፍራቸውን፣ አንገታቸውን። ከዚያ «አባባ፣ ዛሬ ቀኑ ማን ነው? ይቺ ልጅ ማን ትባላለች?» ብላ ልጄን አሳየቻቸው። አባባ የልጅ ልጃቸው ስም ጠፋባቸው። ሲስተር ይሄ ከመቼ ጀምሮ ነው ብላ ጠየቀችን። አዛውንት በድንገት ግራ ሲጋቡ ብዙ ጊዜ ከጀርባው ኢንፌክሽን አለ፣ ትኩሳቱ ጭራሽ ላይመጣ ይችላል አለች።

ከሁሉ የገረመኝ የትንፋሽ አቆጣጠሯ ነው። የእጃቸውን አንጓ ይዛ የልብ ምታቸውን ቆጠረች። ስትጨርስ ግን እጃቸውን አልለቀቀችም። አሁንም ምት የምትቆጥር መስላ ዓይኗን ወደ ደረታቸው አዞረች። ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆየች። በኋላ ስጠይቃት፣ ሰው ትንፋሹ እየተቆጠረ መሆኑን ካወቀ አተነፋፈሱ ይቀየራል፣ ስለዚህ አይነገረውም አለችኝ። አዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። የአባባ 28 ነበር። ቴርሞሜትሩ የሚያሳየው ግን 37.2 ብቻ ነው።

ግፊታቸው 105 በ65 ሆነ። ወንድሜ «እሰይ፣ ወርዶላቸዋል» አለ። እሷ የክትትል ካርዳቸውን አስመጣች። የላይኛው ቁጥር ባለፉት ወራት 140 አካባቢ ነው የተጻፈው። ለሌላ ሰው ደህና የሆነው ቁጥር ለእሳቸው መውደቅ ነው አለችን። ጣታቸውን በእጇ አሙቃ የኦክስጅን መለኪያውን አደረገችላቸው። ቀዝቃዛ ጣት ላይ መሣሪያው ሊሳሳት ይችላል። 87 አለ። ወዲያው «ተነሱ፣ ሆስፒታል» አለች።

መኪና እስኪመጣ ድረስ ሰዓቱን፣ ቁጥሮቹን፣ የሚወስዱትን መድኃኒትና ግራ መጋባቱ የጀመረበትን ቀን በወረቀት ጽፋ ሰጠችን። ድንገተኛ ክፍል የነበረው ሐኪም ወረቀቱን አንብቦ ቶሎ ኦክስጅን አስደረገላቸው። ራጅ ሲነሱ የሳንባ ምች ነው ተባለ። አባባ ታክመው፣ ተሽሏቸው ቤታቸው ገብተዋል።

ሲስተር ከዚያም በኋላ አልተወችንም። ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠር እኔንና ባለቤቴን አስተማረችን። ትንሽ ልጅ ስላለችን የልጆቹንም ነገረችን። ልጅ ሲያስለው ሳያለቅስ፣ ተረጋግቶ እያለ ይቆጠራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው ደግሞ 40 እና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ጤና ጣቢያ ይወሰድ። ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ፈዞ አልነቃ ካለ ግን ምን ቁጥር ያስፈልጋል፣ ይዞ መሮጥ ነው። ከተማችን ወባም ስላለባት፣ ትኩሳት ሲኖር ደም ሳይመረመሩ ከፋርማሲ ኪኒን መግዛትን አጥብቃ ትቃወማለች።

ለምትጠሯት ሰዎች አስቀድሜ ልንገራችሁ። ሐኪም ያላዘዘውን መርፌ አትወጋም። ለዚህ የሚያኮርፋት ሰው አይጠፋም፣ እኔ ግን እንዳምናት ያደረገኝ ይሄው ነው። ቸኩላም አትሄድም። ክንድ ላይ ግፊት መለኪያ አስራ፣ ቁጥር ተናግራ፣ ሂሳብ ተቀብላ የምትወጣ ዓይነት አይደለችም። ዋጋዋን ሳትመጣ በፊት በስልክ ትናገራለች።

ሲስተር፣ ይህን ካነበብሽው እጅሽ ይባረክ። ቤተሰቡ በሙሉ ያመሰግንሻል።

ስልኳን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሷን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ሃይቅ ዳር፣ ታቦርና መናኸሪያ አካባቢ ትሄዳለች፣ ብዙ ጊዜ የሚመቻት ከሰዓት በኋላ ነው። መተንፈስ ያቃተው ወይም ራሱን የሳተ ሰው ካለ ግን እሷን አትጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት።